በጾም ከበሮ

ጎረቤታችን መሪጌታ የግቢያችንን በር ያንኳኩት በቅድስት ሳምንት፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጥምጥማቸው ገና በወጉ አልታሰረም፤ መቋሚያቸውን ግን ይዘዋል። በማለዳ መቋሚያ ይዞ የሚመጣ ሰው ወይ ለሰላምታ ነው ወይ ለዱላ፤ የሳቸው ፊት ደግሞ የሰላምታ አልነበረም።

«በጾም ከበሮ የሚመታው ማነው?» አሉኝ።

«ከበሮ አይደለም መሪጌታ፤ ሞተር ሳይክል ነው።»

«ሞተር ሳይክል አውቃለሁ። ይሄ ከበሮ ነው።»

በሳቸው አልፈርድም። በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስቱን ቀን ከበሮና ጸናጽል ተሰቅሎ ይከርማል፤ ዝማሜው በመቋሚያ ብቻ ነው። ጎንደር በአታ አቋቋም አስመስክረው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለተማሪ መረግድንና ፈጠን ያለውን የከበሮ ምት፣ ጽፋትን፣ ሲያስጠኑ የኖሩ ሰው፣ ገና ከቤታቸው ሳይወጡ ከጎረቤት «ዱብ-ዱብ… ዱብ-ዱብ…» ሲሰሙ ምን ይበሉ? ነገሩን በዓይናቸው እንዲያዩ ወደ ግቢ አስገባኋቸው።

ያየነው ይህን ነው፦ ሆንዳ ሲቢ 350፣ በፈረንጆቹ 1972 የተሠራ፣ ሁለት ሲሊንደር፣ ሁለት ካርቡራተር። ከመተማ ነው የገዛሁት። መተማ እንዴት እንደደረሰ ሻጩን አልጠየቅሁትም፤ ሻጩም እንዳልጠይቀው የፈለገ ይመስል ነበር። አንድ ካርቡራተር ያለው ሰው ችግር አለበት፤ ሁለት ያለው ደግሞ ክርክር አለበት። ለየራሳቸው ገመድ፣ ለየራሳቸው ማስተካከያ ብሎን አላቸው፤ ጋዝ ሲሰጣቸው ግን እኩል ካልታዘዙ አንዱ ሲጎትት ሌላው ይጎተታል።

ካርቡራተር ባጭሩ ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚያቦካ ዕቃ ነው። ሊጡም ልክ አለው፤ ለአንድ ግራም ቤንዚን 15 ግራም ገደማ አየር። መተማ ከ1,000 ሜትር በታች ያለ ቆላ፣ ጎንደር ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ። እዚያ ወፍራም የነበረው አየር እዚህ ይሳሳል። ለካርቡራተሩ ግን ደጋ መውጣቱን ማን ይንገረው? መተማ የለመደውን ጭልፋ ጎንደርም ላይ አልቀነሰም። ከጥምቀት ማግስት ወደ ከተማ ስገባ ከኋላዬ ያለው ጭስ ሳሎን ውስጥ ቡና የሚቆላ ይመስል ነበር፤ ካንዴላዎቹን ስፈታቸው እንደ ምጣድ ጀርባ ጠቁረዋል።

ይኼኛውን የቅዳሜ ገበያው መካኒኬ በቀላሉ ፈታው። ቤንዚን የሚያሳልፉትን ዋና ዋናዎቹን የነሐስ ቀዳዳዎች አውጥቶ ጠበብ ባሉ ተካቸው፣ ጭሱም ቆመ። ያልቆመው አነካከሱ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ይመታና ዝም ይላል። «ሞተ» ስትል እንደገና ዱብ-ዱብ። የሌላ ሰው ሞተር እንደ ልብስ ስፌት መኪና ሲንቆረቆር የኔ እያነከሰ እንዴት ይኖራል? አምስት ቅዳሜ ሙሉ መካኒኩ ሲያስተካክል ዋለ። ካንዴላ ቀየርን፣ ገመድ አጠበቅን፣ ገመድ አላላን። «ቲቸር፣ አሁን ተስተካከለ» ይለኛል፤ ቤት ስደርስ እንደገና ያነክሳል። በአምስተኛው ቅዳሜ እሱም ሰለቸኝ፣ እኔም ሰለቸሁት፣ የራሴን ካቻቢቴ ገዛሁ።

ካቻቢቴ የገዛ መምህር ለጎረቤት አደጋ ነው። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት የግራውን ብሎን ሩብ ዙር፣ ከዚያ የቀኙን ሩብ ዙር፣ ከዚያ ግራውን መልሼ። ባለቤቴ በመስኮት አንገቷን ብቅ አድርጋ «ጣቢያ ነው እንዴ የምትፈልገው?» አለችኝ አንድ ቀን። እውነቷን ነው፤ አያቴም ቢቢሲ አማርኛ ባልነበረበት ዘመን ጀርመን ድምፅን የሚፈልጉት እንዲሁ ነበር።

መሪጌታ በርጩማ ቀርቦላቸው ተቀመጡ። ሁለት ካርቡራተር መኖሩን ሳስረዳቸው «ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ናቸዋ» ብለው በአንድ ቃል ጨረሱት። ከዚያ አስነሳሁት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። የመቋሚያቸው ጫፍ ሳያውቁት መሬቱን ቀስ ብሎ መንካት ጀመረ።

«ያነክሳል» አልኳቸው፣ ሐኪም ፊት እንደቀረበ በሽተኛ።

«አያነክስም።»

«እንዴት አያነክስም? ይሰማሉ አይደል ሲቋረጥ?»

«ስማ ልጄ። ተማሪ ሲስት አንድ ቀን እዚህ ጋ ይስታል፣ ሌላ ቀን እዚያ ጋ ይስታል። ይሄ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። ስሕተት አይደለም። እንዲህ ተብሎ ነው የተማረው።»

የዚያን ዕለት ማታ የሞተሩን መመሪያ በስልኬ ላይ ከፍቼ እስከ እኩለ ሌሊት አነበብኩ። የሁለቱ ፒስተኖች ነገር እንደ ሚዛን ሳሕን ነው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ሞተሩ ሁለት ሙሉ ዙር ዞሮ ነው እያንዳንዱ ፒስተን አንዴ የሚተኩሰው። እናም አንደኛው ይተኩሳል፤ ግማሽ ዙር ቆይቶ ሁለተኛው ይተኩሳል፤ ከዚያ አንድ ዙር ተኩል ሙሉ ማንም አይተኩስም። ዱብ-ዱብ፣ ዕረፍት። ጃፓኖቹ ሆን ብለው የሠሩትን ምት ነው እኔና መካኒኩ አምስት ቅዳሜና የአንድ ወር የቤት ወጪ አፍስሰን ልናስተወው የታገልነው። ለመካኒኩ አልነገርኩትም። ለባለቤቴም አልነገርኩም፤ የቤት ወጪው ነገር አለና።

ወደ ጠዋቱ ልመለስ። መሪጌታ ከበርጩማው ተነሥተው ሊወጡ ሲሉ ዞር አሉ። «ግን ከሁለቱ መቺዎች የኋለኛው እጁ ሰንፏል» አሉኝ። «ቆዳውን ይነካዋል እንጂ አይመታውም።»

ይኼን እንኳ በመሣሪያ እንፈትነው ብዬ በጣሳ ውሃ አመጣሁ። ሞተሩ ጥቂት እንደሠራ ከየሲሊንደሩ በሚወጣው ማርሚታ ላይ፣ ከሥሩ ጠጋ ብዬ ጠብ ጠብ አደረግሁ። የቀኙ «ጭሽ!» ብሎ ውሃውን ወዲያው ዋጠው። በግራው ላይ ጠብታው እንደ እንባ ቀስ ብሎ ወረደ። ግራው ለብ ብሏል፤ አልጋለም። መሪጌታ ጣሳውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «ለዚህም ውሃ ያስፈልጋል?» ብለው ሄዱ።

የግራውን ካርቡራተር አውርጄ ከፈትኩት። ጥፋተኛዋ በሚኒሞ ጊዜ ቤንዚን የምታቀብለዋ ትንሿ የነሐስ ቁራጭ ናት፤ ቁመቷ ከስንዴ ፍሬ ብዙም አይበልጥ፣ ቀዳዳዋ ከፀጉር ትንሽ ቢሰፋ ነው። መተማ ቆሞ የከረመ ቤንዚን ደርቆ እንደ ሙጫ ደፍኗታል። ሽቦ ሊከቱባት የሚቃጣቸው አሉ፤ ቀዳዳዋ ይሰፋና ነገሩ ይብሳል። ስለዚህ አየር ያስፈልገኛል፤ አየር ያለው ደግሞ ጎሚስታው ጋ ነው።

ጎሚስታው የጭነት መኪና ጎማ የሚሞላበትን ቱቦ አመጣ። «ቀስ» አልኩት። ቀስ ማለት ለሱ ምን እንደሆነ ያየሁት በሁለት ጣቴ መካከል ምንም አለመኖሩን ሳይ ነው። ደፋኙም ወጣ፣ ነሐሷም አብራ ሄደች።

ጎንደር ውስጥ ሁለት ሰው አጎንብሶ መሬት ሲያይ ሦስተኛው «ምን ጠፋ?» ሳይል አያልፍም። በአምስት ደቂቃ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው ሆንን። አንዱ ሊስትሮ «ወርቅ ነው?» አለ፤ እኔ ቀለሟን ለማስረዳት ብዬ «ወርቅ ትመስላለች» ማለቴ ስሕተት ነበር፤ ሃያ ሰው ሆንን። አንድ ብልህ ወጣት ከተሰበረ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ይዞ መጣና ግማሽ ሰዓት አቧራውን አሰሰ። ሦስት ሚስማር፣ አንድ የጠርሙስ ቆርኪና የማን እንደሆነ ያልታወቀ ቁልፍ አወጣ። ነሐስ በማግኔት እንደማይያዝ የማስተምረው እኔ ነኝ፤ የአሥረኛ ክፍል ፊዚክስ። የዚያን ሰዓት ግን እኔም ከኋላው ሆኜ «እዚህም ሞክር» ስለው ነበር።

ከጎሚስታው አጠገብ ቆሎ የሚሸጡ እናት ይህን ሁሉ ቁጭ ብለው ሲያዩ ቆዩ። በመጨረሻ ቆሏቸውን ወደ ማዳበሪያው ገለበጡና ሰፌዳቸውን ይዘው ተነሡ። «ዞር በሉ» አሉን። ከቱቦው ፊት ያለውን አቧራ በእጃቸው እየዛቁ ሰፌዱ ላይ አደረጉ፣ ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዙረው ሁለት ጊዜ አበጠሩ፣ አንዴ አንገዋለሉ። ጠጠሩ ወዲህ፣ ገለባው ወዲያ፤ ነሐሷ ለብቻዋ ሰፌዱ ከንፈር ላይ ተቀምጣ አየናት። አንስተው አገላብጠው አዩዋትና «ለዚች ነው?» አሉ። ሃያውም ሰው ቅር ብሎት ተበተነ። የሦስት ኩባያ ቆሎ ሒሳብ ከፍዬ ያለ ቆሎ ሄድኩ፤ ልግዛ ስላቸው «አቧራ ገብቶበታል» አሉኝ።

ማታውን ገጠምኳት። በማግሥቱ ውሃው በሁለቱም ላይ «ጭሽ!» አለ። ዱብ-ዱቡም ያው ነው፤ አሁን ግን ሁለቱም ምቶች እኩል ይመታሉ፤ እኔም ከዚያ በኋላ አንዱንም ብሎን አልነካሁም። መሪጌታ ከአጥሩ ማዶ ሆነው ሰሙትና ፊታቸው ፈካ። ወዲያው ግን ኮስተር አሉ፤ አሁን ደግሞ ይበልጡን ከበሮ ሆኗላ! እስከ ፋሲካ በግቢ ውስጥ ቆሞ እንዳይመታ ተስማማን። ስድስት ሳምንት ሙሉ የተስተካከለ ሞተር በጠዋት እየገፋሁ እስከ አስፋልቱ ወሰድኩ። መካኒኩ አንድ ቀን ስገፋ አግኝቶኝ «ቲቸር፣ እኔን ትተህ ይኸው» አለ። ምን ብዬ ልመልስለት?

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሐሙስ መሪጌታ ራሳቸው መጡ። አዘዞ የሚጠይቁት ዘመድ አለ። ጥምጥማቸውን ፈትተው ቦርሳ ውስጥ ከተቱ፣ ሄልሜቱን ደፉ፣ መቋሚያቸውን እንደ ጦር በመካከላችን አቁመው ከኋላዬ ተቀመጡ። ከከተማው እስክንወጣ ድምፃቸው አልተሰማም። መንገዱ ገለጥ ሲል ትከሻዬን በመቋሚያቸው ጫፍ ነካ አደረጉኝ።

«ግራው ትንሽ ዘግየት ብሏል» አሉ በጆሮዬ።

ፍጥነት ቀነስኩ፤ አንድ እጄ ካቻቢቴ ፍለጋ ወደ ኪሴ ገባ።

«ተወው፣ ተወው!» አሉኝ። «አሁን ጽፋቱን አሰማኝ።»