የቀጠሮ ቀን ደሃ

ሐይቅ በፈቃድ መደህየትን ከብዙ አገር ቀድማ ታውቃለች። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በሐይቅ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ሲያስተምሩ፣ ዓለምን ንቆ መመነን ትልቅ ክብር ነበር። እነዚያ መነኮሳት ግን አንድ ጉድለት ነበረባቸው፤ አንዴ ከመነኑ ወደ ሀብታቸው አይመለሱም። ጉድለቱን ያረሙት የዘመናችን መናንያን ናቸው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መንነው ለምሳ ወደ ዓለም ይመለሳሉ። ገዳማቸው የፍርድ ቤት ግቢ ነው። ለሱባኤ ያስገባቸውም የቀድሞ ሚስት ያቀረበችው የቀለብ ይሻሻልልኝ ማመልከቻ ነው። እስጢፋኖስ ሴት አያስገባም፤ የእነዚህም የባንክ ደብተር የቀድሞ ሚስት ዐይን አያስገባም።

ትጋታቸውን ላላየ ማስረዳት ይቸግራል። ሰውየው እስከ ትናንት ማታ ድረስ ከሁለት ባጃጅ ሹፌሮቹ የቀኑን ሒሳብ ሲቀበል ያመሸ ነው። ዛሬ ክርኑ ላይ የተቀደደ ጃኬት ለብሷል፤ ጃኬቱ ሰፍቶታል፣ የሌላ ሰው ነውና። እግሩ ላይ ኮንጎ ጫማ። የእጅ ሰዓቱን ለጓደኛው ሰጥቶ ገብቷል፤ ሰዓቱ ታስሮበት የኖረው ቦታ ግን ከቀረው ክንዱ ነጣ ብሎ ይታያል። ዳኛው ሥራውን ሲጠይቁት አንገቱን ሰብሮ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ የቀን ሥራ ሳገኝ እሠራለሁ፤ ሳላገኝ ጾሜን ነው የማድረው» ይላል። በዚህ መሀል ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ጢን ይላል፤ ቴሌብር ገቢ ሆኗል። ይህኔ ሳል ይይዘዋል።

እውነተኛ ደሃ አባት የለም አላልኩም፤ ሞልቷል። እሱ ግን ፍርድ ቤት ሲመጣ ጫማ አይቀይርም፣ ያለው ያው አንድ ነው። ሕጉም ለእሱ በሩን አልዘጋበትም። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ቀለብን የሚለካው በተቀባዩ ፍላጎትና በሰጪው አቅም ነው። ሁኔታው ሲለወጥ ይጨመርልኝም ይቀነስልኝም ማለት ይቻላል። የእኛ መናኝ ግን ይቀነስልኝ ብሎ አያመለክትም። እንደ ነበር ይቆይ ነው የሚለው፤ እንደ ነበረ መቆየቱ ነው ትርፉ።

ከፊት ለፊቱ የቆመችው ሴት ጠበቃ የላትም። ለጠበቃ የሚከፈል ቢኖራትማ ለጭማሪ ምን አመላለሳት? ማመልከቻዋን ከግቢው በር ላይ በተቀመጠው ጸሐፊ አስጽፋ ነው የገባችው። ልጁ የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ በ2010 የተቆረጠው 500 ብር፣ ልጁ አራተኛ ክፍል ገብቶም 500 ብር ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ብር በ15 በመቶ ተዳክሞ አንድ ዶላር ወደ 27 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ከ57 ብር ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ዶላሩ ተሻሻለ፣ ነዳጁ ተሻሻለ፣ የባጃጅ ታሪፉም ተሻሻለ፤ ታሪፉን ካሻሻሉት አንዱ ይኸው አባት ነው። በቃሏ የጸናችው 500 ብሯ ብቻ ናት።

ውል አይነካም የሚል ካለ ወደ አምባሰል ዘልቆ ውጫሌን ይጠይቅ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ይስማ ንጉሥ ላይ የተፈረመውን ውል አፄ ምኒልክ አራት ዓመት ሳይሞላው ትተውታል፤ ጠበቃም አላቆሙ። እርግጥ ይግባኙ የተሰማው አድዋ ላይ ነው፤ ለባለ 500 ብሯ እናት ይህ መንገድ አይመከርም።

እኔን የሚያስቀኝ የሁለቱ ድህነት የሚመዘንበት ሚዛን ነው። እሷ የዳኝነት የምከፍለው የለኝም ካለች በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማስፈቀድ አለባት። ቃለ መሐላ ትፈጽማለች፣ የሚንቀሳቀስ የማይንቀሳቀስ ንብረቷን ከነግምቱ ትዘረዝራለች፣ ቀበሌ ተመላልሳ ባለ ማኅተም ደብዳቤ ታመጣለች። የእሱ ድህነት ግን ማኅተም አያስፈልገውም፤ «የለኝም» ካለ የለውም። አለው የምትል እሷ ታስረዳ። ስታጣራ የአንዱ ባጃጅ ሊብሬ በወንድሙ ስም ነው፣ የሌላው በአማቹ። የጫት ማሳው የይዞታ ደብተር በእናቱ ስም፣ የሱቁ ንግድ ፈቃድ በአዲሷ ሚስት። እንዲህ ያለ ደግ ሰው ከየት ይገኛል? ዘመዱን ሁሉ ንብረት አልብሶ እሱ ባዶ እጁን ቀረ። ልጁን ብቻ ዘነጋው፤ ከዚያ ሁሉ ዘመድ አንድ ሰው ቢረሳ አይፈረድበትም።

እባካችሁ፣ ፍርድ ቤቱ ለመንገድ ትራንስፖርት፣ ለገቢዎችና ለመሬት ጽሕፈት ቤት ማስረጃ እንዲልኩ ትእዛዝ ይስጥልኝ ብላ ማመልከት እንደምትችል እንዳትነግሯት። ሹፌሮቹን በምስክርነት መቁጠር እንደሚቻል፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ እንደሚሰጥ ጆሮዋ እንዳይገባ። የአንድ ምስኪን ሱባኤ ይበጠበጣል።

ሽማግሌዎቻችንን ሳላመሰግን ባልፍ ደግሞ ነውር ነው። መዝገቡ በተከፈተ በሳምንቱ ይመጣሉ። «አብሽሪ ልጄ፣ አባት ልጁን አይጥልም። ምን በፍርድ ቤት አዋለሽ? ዝጊውና እኛ እንየው።» ቡናው ይፈላል፣ ጫቱ ይቀርባል። ጫቱ ከራሱ ከደሃው ማሳ የመጣ ነው። ትዘጋዋለች። እሱም «ከሚመጣው ወር ጀምሮ» ይላል። የሚመጣው ወር ሲመጣ ክረምቱ ይውጣ፣ ክረምቱ ሲወጣ ጫቱ ይድረስ ይባላል። ይህን ጊዜ የድሮዋም 500 ብር ትቋረጣለች፤ በሽምግልና የተያዘ ነገር አይደል? ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ የመጣ አንድ ድንጋጌ አለ፦ ሦስት ወር ሳይጠየቅ የከረመ ውዝፍ ቀለብ፣ ለኑሮ የግድ የሚያስፈልግ መሆኑን ባለመብቱ ካላስረዳ ይቀራል። ሽምግልናው ብዙ ጊዜ ሦስት ወሩን ዘለል አድርጎ የሚያልቀው በአጋጣሚ ነው፤ በሽማግሌ ክፉ አልጠረጥርም።

በሃይማኖቱም በኩል ቢሆን እንከን አይወጣለትም። ወረዳ ፍርድ ቤት ስትከሰው «እኛ ሙስሊም ነን፣ ነፈቃው በሸሪዓ ይታይ» ይላል። እሺ ብላ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ስትሄድ ደግሞ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ትዝ ይለዋል፤ ሁለቱም ወገን ካልፈቀዱ አይታይም፣ እኔ ደግሞ አልፈቀድኩም። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ ሲጠቅስ የሲቪክስ መምህሩ ቢሰሙ በደስታ ያለቅሱ ነበር።

ጦርነቱም አለለት። በ2014 ውጊያው በውጫሌና በሐይቅ አልፎ ደሴ ሲገባ ሱቁ ተዘርፏል። እውነት ነው፣ ስንቱ ተዘርፏል። እሷም ያኔ ልጁን ይዛ ተሰዳ ተመልሳለች፤ የእሷ ስደት ግን አንዴ ሆኖ አለፈ፣ የእሱ ዘረፋ በየቀጠሮው ይታደሳል። የወንጀል ሕጉ ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ የሚከለክለውን ይቀጣል ሲባል የሰማ ዕለት ደግሞ ከተዘረፈው ላይ ሁለት ኩንታል ስኳር ጨመረበት።

ይህም ሁሉ ሆኖ አንዳንድ ጊዜ ዳኛው ክንዱ ላይ ያለውን ነጭ ምልክት ያዩታል። ቀለቡ 1,500 ብር ይሆናል። የዚያን ዕለት መናኙ የእውነት ይታመማል፤ ሲያገግምም ደሴ፣ ዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል። እሷ መጥሪያው ደርሷት በሚኒባስ ከሰው ጋር ተጣብባ ትሄዳለች። እሱ በኮንትራት መኪና ይመጣል፣ ከፊት ወንበር ጠበቃ አስቀምጦ። ጠበቃው ተነሥቶ ደንበኛው ለዕለት ጉርስ እንኳ የተቸገረ መሆኑን በሦስት ገጽ አብራርቶ ይቀመጣል። እሷ ተራዋ ሲደርስ፣ ጠበቃ የሌለው ሰው እንደሚያደርገው፣ ከተጻፈላት ወረቀት ወጥታ ትጠይቃለች፦

«ጌቶቼ፣ እኚህን ጠበቃ ማን ነው የከፈላቸው?»

ደሃው ከመቀመጫው ብድግ ይላል። «ዘመድ አዋጥቶልኝ ነው።»