ለስትሪሚንግ ኩባንያዎች የተጻፈ የምስጋና ደብዳቤ

ለ፦ የስትሪሚንግ ኩባንያዎች በሙሉ
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ በዕረፍት ጊዜ ስለተደረገልን መስተንግዶ ምስጋና ስለማቅረብ

እኛ የፊልም ዲስክ ሰብሳቢዎች ለእናንተ ደግ ቃል ወጥቶን አያውቅም፤ ዛሬ ግን ሐቁን እንመስክር። ሰብሳቢ ለዕረፍት ሲወጣ መደርደሪያውን ተሸክሞ አይሄድም። ሻንጣው በኪሎ ይመዘናል፣ ሆቴሉ ማጫወቻ የለውም፣ አዲሱ ላፕቶፕም ዲስክ የሚጎርስበት አፍ ተነፍጎታል። እናንተ ግን ያለ ትርፍ ኪሎ በስልኩ ውስጥ አብራችሁት ትሳፈራላችሁ። ለመንገደኛ ከዚህ የተሻለ ነገር አልተፈጠረም፤ ዲስክ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚለው ወገናችን እንኳ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ሁለት ፊልም ካየ በኋላ ክርክሩን ያለዝባል። የሆቴል ክፍል ጥሩ ነገር ነው። ጥያቄው የሚነሳው የሆቴሉ ባለቤት እንግዳውን «ከእንግዲህ ቤት ምን ያደርግልሃል?» ማለት ሲጀምር ነው።

መስተንግዷችሁ ደግሞ ድንበር ሲሻገር ጠባዩ ይለወጣል። ዋሽንግተን የሚኖር ሰው ዘመድ ሊጠይቅ አዲስ አበባ ሲገባ ወርሃዊ ክፍያው ከዚያው ካርድ መቆረጡን አያቋርጥም፤ የፊልሙ ዝርዝር ግን ሌላ ይሆንበታል፤ ግማሹ ላይ ያቆመውን ፊልምም ሊያጣው ይችላል። የፊልም መብት በየአገሩ ተቆራርሶ ስለሚሸጥ ነው ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ውሉ እንደዚያ ነው። ነገር ግን የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2018 ጀምሮ፣ ከፋይ ደንበኛ በአባል አገሮቹ መካከል ለጊዜው ሲዘዋወር የአገሩን ዝርዝር ይዞ እንዲሄድ በሕግ አስገደደ። በዚህ ምክንያት ሱቃችሁን ዘግታችሁ ከአውሮፓ አልወጣችሁም። ሲገደዱ የሚቻል ነገር ሳይገደዱም ይቻል ነበር።

«የእናንተስ ዲስክ?» እንደምትሉን እናውቃለን። እውነት ነው፣ ዲቪዲም ዓለምን በክልል ከፋፍሎ ኢትዮጵያን ክልል 5 ውስጥ አስገብቷት ነበር፤ ይህ ነውር በፎርኬ (4K) ብሉሬይ ዲስክ ላይ ቀርቷል። ዲስክ ይበሰብሳል ብትሉም አንክድም። ዋርነር ብራዘርስ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2008 ካመረታቸው ዲቪዲዎች አንዳንዶቹ መበላሸታቸውን በ2025 አምኗል። ግን ልዩነቱን ተመልከቱ፦ የተበላሸ ዲስክ ያለው ሰው ዕቃውን ይዞ «ተኩልኝ» ማለት ይችላል፤ ኩባንያውም እተካለሁ ብሏል። በግንቦት 2023 ዲዝኒ ፕላስ «ዊሎው» የተባለውን ተከታታይ ፊልም፣ ከጀመረ ግማሽ ዓመት ገደማ ሲሆነው ከዝርዝሩ ሲያወርደው፣ በዲስክ አልወጣምና ተመልካቹ ይዞ የሚሟገትበት ነገር አልነበረም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደግሞ ሶኒ፣ በፕሌይስቴሽን ገንዘብ ከፍለው የዲስከቨሪን ፕሮግራሞች ለገዙ ደንበኞቹ «የገዛችሁትን ልሰርዝባችሁ ነው» ብሎ አሳወቀ። ጩኸቱ ሲበረታ ውሳኔውን ቀለበሰ፤ እግዜር ይስጠው፣ የገዛነውን መልሶ ሰጠን! ካሊፎርኒያም ከ2025 ጀምሮ፣ የሚሸጠው ፈቃድ ብቻ ከሆነ ለገዢው በግልጽ ይነገረው የሚል ሕግ ሥራ ላይ አውላለች። ሻጭ እውነቱን እንዲናገር ሕግ ካስፈለገ ጥርጣሬያችን የሰብሳቢ አባዜ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ብዙ ሰው ፊልምን አንድ ጊዜ አይቶ ይተወዋል፣ መደርደሪያ ምን ያደርግለታል የሚለው ክርክራችሁ ከሁሉም ጠንካራው ነው። ለብዙው ሰው ይሠራል፤ ለፊልሙ ግን አይሠራም። የፊልም ሠሪው የኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» የተሰኘ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊት ነሡት፤ ሠሪው ሲኒማ ቤት እየተከራየ አሳየው፣ ቪዲዮውንም ራሱ አሰራጨ። በፊልሙ ስም የተሰየመው መደብር እስከ ዛሬ በዋሽንግተን ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት አለ። በ2021 ፊልሙ ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ሲወጣ ደስ ብሎናል። በመካከሉ ባለፉት 28 ዓመታት ግን ፊልሙን በየሳሎኑ ያቆየው በካሴትና በዲስክ የያዘው ሰው እንጂ የእናንተ መጋዘን አልነበረም።

ስለዚህ ራሳችሁ የሠራችሁትን ፊልም ከዝርዝራችሁ ከማውረዳችሁ በፊት በዲስክ አውጥታችሁ እንድትሸጡልን በትሕትና እንጠይቃለን። ዋጋውን እንከፍላለን፤ ለሚቀጥለው ዕረፍትም ደንበኝነታችን እንደተጠበቀ ነው።

ከሰላምታ ጋር
የዲስክ ሰብሳቢዎች

ግልባጭ፦ ማባዛት በውላችሁ የተከለከለ ስለሆነ አልተዘጋጀም።