ዲዳ በረኛ፣ አባቴ ተቀያሪ

ምርጥ 11 ማውጣት ሦስት ነገሮች ሲገጣጠሙ የሚከሰት የአእምሮ ሥራ ነው፤ ቢያንስ ሦስት ሰው፣ አንድ ጀበና እና የሚጠበቅ ነገር። የሚጠበቀው ታክሲ ሊሆን ይችላል፤ የሄደ መብራትም ሊሆን ይችላል። በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ደግሞ ከሁለተኛው ቀን ማታ ጀምሮ፣ ከካርታ ተጫዋቾቹ ጎን እንደሚታይ ይህ ጸሐፊ በዓይኑ አረጋግጧል።

ጥናቱ የተካሄደው ከአንድ ዲኤስቲቪ ቤት ደጃፍ፣ ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ ዘንድ፣ በእረፍት ሰዓት መብራት የጠፋ ዕለት ነው። ናሙናው ስድስት ሰው ነው። ሦስቱ አርሰናል፣ ሁለቱ ማንቼ፣ አንዱ ደግሞ «እኔ የምደግፈው ኳሱን ነው» ባይ። የዚህ የመጨረሻው አስተያየት በጥንቃቄ ከተመዘገበ በኋላ ከቁጥር ሳይገባ ቀርቷል። ቡና አፍይዋ ናሙና ውስጥ አልነበረችም፤ ወደኋላ እንደሚታየው ግን ጥናቱን ያበላሸችው እሷ ናት።

ፔሌን፣ ማራዶናንና ሜሲን አንድ ላይ የሚያሰልፈውን ተራ ምርጥ 11 እዚህ አናነሳም። እሱ ጠብ እንጂ ጥናት አይደለም። የሚጠናው ጭብጥ ያለው ምርጥ 11 ነው፤ ተጫዋቹ በችሎታው ሳይሆን ለእግር ኳስ ምንም በማይጠቅም መስፈርት የሚመረጥበት።

የመጀመሪያው ዘርፍ የወንድማማቾች ቡድን ነው። ለማውጣት ቀላል ስለሆነ ክብሩ ዝቅ ያለ ነው። አምበሉ ላይ ክርክር የለም። ሉቺያኖ ቫሳሎ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ከጃንሆይ እጅ ሲቀበል ወንድሙ ኢታሎ አብሮት ነበር፤ ግብፅን 4 ለ 2 ባሸነፍንበት ፍጻሜም ሁለቱ አግብተዋል። ከዚያ ቻርልተኖቹ፣ ላውድሩፖቹ፣ ደ ቡሮቹ፣ ቱሬዎቹ እየተባለ ከአቦል ወደ ቶና ሳይደረስ ያልቃል። ችግር ያለው ቦአቴንጎቹ ላይ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ዋንጫ ጄሮም ለጀርመን፣ ኬቪን ፕሪንስ ለጋና ተሰልፈው ተጋጥመዋልና አንድ ቡድን ውስጥ ለማስገባት መጀመሪያ ሽማግሌ መላክ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የምሁራን ቡድን ነው። ሲጀመር ያምራል። ብራዚላዊው ሶክራተስ ሐኪም ነው፤ በ1982 የዓለም ዋንጫ አገሩን በአምበልነት መርቷል። መሐል ሜዳው ተያዘ። ደራሲ ሲፈለግ አልበር ካሙ ይመጣል፤ በወጣትነቱ አልጀርስ ውስጥ በረኛ ነበር። የፊዚክሱ ኒልስ ቦር፣ ዴንማርክ ውስጥ በረኛ። የሼርሎክ ሆምስ ደራሲ ኮናን ዶይል፣ በረኛ። ጳጳሱ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በልጅነታቸው፣ በረኛ። ዘፋኙ ሁሊዮ ኢግሌሲያስ በሪያል ማድሪድ ወጣት ቡድን፣ እሱም በረኛ። ቡድኑ አንድ አማካይና አምስት በረኛ ይዞ ይቀራል። ናሙናችን ለዚህ ያቀረበው መላምት ማሰብ የሚወድ ሰው መሮጥ አይወድም የሚል ነው። ጸሐፊው ራሱ የሰፈሩ በረኛ ስለነበር መላምቱን ተቀብሎታል፤ «ወፍራም ስለነበርክ ነው» የሚለውን ተቃራኒ መላምት ግን አልመዘገበውም።

ሦስተኛው ዘርፍ ስማቸው አማርኛ የሆነ የውጭ አገር ተጫዋቾች ቡድን ነው። የቀረው ጥናት በሙሉ የሱ ነው።

ከበረኛው እንጀምር። ዲዳ፣ የብራዚልና የኤሲ ሚላን በረኛ። እ.ኤ.አ. በ2003 ኦልድ ትራፎርድ ላይ የዩቬንቱስን ሦስት ፍጹም ቅጣት ምት መልሶ ለሚላን የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ ያስገኘ ሰው ነው። «ውጡ! ከኋላህ! ተወው፣ የኔ ነው!» እያለ መጮህ ሥራው የሆነ ሰው ሜዳ ላይ አንድ ቢኖር በረኛ ነው፤ የኛ በረኛ ደግሞ ዲዳ ነው። በ2005 ኢስታንቡል ላይ ሚላን 3 ለ 0 እየመራ ሊቨርፑል በስድስት ደቂቃ ሦስቱንም ሲመልስ የዓለም ተንታኞች ብዙ ምክንያት ደርድረዋል። አማርኛ የሚያውቅ ተንታኝ ቢኖራቸው አንዱ ይበቃቸው ነበር።

የዚያን ዕለት ከዲዳ ፊት በቀኝ በኩል የተሰለፈው ካፉ ነው። ካፉ ማለት ከአፉ ማለት ነው። ሚላን በዚህ መንገድ ጉዳቱን ለመጠገን ሳይሞክር አልቀረም፤ ግን ከዲዳ፣ ካፉ ምን ይወጣል?

እዚህ ላይ ሊቃውንቱ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ጥብቆችና ላሎች። ጥብቆች ስሙ ድምፅ በድምፅ ካልገጠመ አይሰለፍም ይላሉ። በነሱ ሚዛን እንኳ ሁዋን ማታ ያለ ክርክር ያልፋል። በ2012 ሙኒክ ላይ በ88ኛው ደቂቃ የማዕዘን ምቱን ለድሮግባ ያሻማው እሱ ነበር፤ ሰዓቱም ማታ ነበር። ኮሎምቢያዊው ዬሪ ሚና ያልፋል፤ ተከላካይ ሆኖ በ2018 የዓለም ዋንጫ ሦስት ጎል አግብቷልና ከሚናው አልፏል እንጂ አላጎደለም። ዴቪድ አላባ ቪየና ቢወለድም በርበሬው ከወዴት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ የግራ ተመላላሽ። ካካን ልጅ ያሳደገ ሰው ያውቀዋል፤ ቡና እየተጠጣ ስለሆነ አይብራራም።

ውጊያው ያለው ከነዚህ በኋላ ነው። ኮሎ ቱሬ ሲነሳ ጥብቆቹ «ኮ» እና «ቆ» አንድ አይደሉም ብለው ተቃወሙ፤ ላሎቹ ከጀበናው አጠገብ ያለውን ሳህን አንስተው አንድ እፍኝ አደሏቸውና ተቃውሞው በአፍ ሙላት ቀረ። ካንቴ «ካንተ» ነው ወይስ አይደለም? ኳሱን የሚቀማው ከማን ነው ተብሎ ተጠየቀ፤ ካንተ። አለፈ። ጆርጅ ዊሃ «ውሃ» ነው የተባለው በ1996 ከራሱ የፍጹም ቅጣት ክልል ተነስቶ ቬሮና ጎል ድረስ በመፍሰሱ ነው። ዳቪድ ቪላ ላይ የዜግነት ጥያቄ ተነሳ፤ ቪላ ጣሊያን ትቶልን የሄደው ቃል ነውና። አገር ውስጥ ቤት ያለው ሰው ነው ተብሎ ጸደቀለት።

ችግሩ የመጣው በኢኛዚዮ አባቴ ነው። አባቴ ለሚላንና ለጣሊያን የተጫወተ የቀኝ ተመላላሽ ነው። ካፉም የቀኝ ተመላላሽ ነው። ካፉ በሦስት የዓለም ዋንጫ ፍጻሜዎች፣ በ1994፣ በ1998 እና በ2002፣ የተጫወተ ብቸኛ ሰው ስለሆነ በኳስ ከሄድን ነገሩ ያለቀ ነው። ግን «አባቴን ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት» የሚል ቃል ከየትኛው አበሻ አፍ ይወጣል? ከማንቼዎቹ አንዱ፣ አባቱን እቤቱ አምጥቶ የሚጦር ሰው ነው፣ ሲኒውን አስቀመጠና «አባቴ ቋሚ ነው» አለ።

ጥብቆቹ መለሱለት። «አባቴ ስትል ባው ይጠብቃል። ጣሊያኖቹ ያላሉታል። ስለዚህ አባትህ አይደለም።»

«ማን ነው አባትህ አይደለም ያለኝ?»

መብራት መጣ። ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። ማንም አልተነሳም። «ካፉ ወደ ክንፍ ይውጣ፣ አባቴ ከኋላ ይሁን» የሚል የማስታረቂያ ሐሳብ ቀረበ፤ ግን የቀኝ ክንፉ በጋሬዝ ቤል ተይዟል። ቤልን ዌልሶች እንደፈለጉ ይጥሩት፤ ማልያው ጀርባ ላይ ያለውን የፈረንጅ ፊደል እንደተጻፈ ያነበበ ሁሉ ባሌ ይለዋል። ለጥብቆቹ ይህ ማጭበርበር ነው። ለላሎቹ ግን ሰውዬውም ተራራውም አንድ ላይ የተገኙበት ብርቅ ስም ነው።

እስከዚህ ዝም ብላ የነበረችው ቡና አፍይ እሳቱን እያራገበች ገባችበት። «ባሌና አባቴ በአንድ መስመር? እናንተ ሰዎች ምሳ አብረው ሲበሉ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

ባሌ ማን እንደሆነ ለማስረዳት ከአርሰናሎቹ አንዱ የ2014ቱን የስፔን ንጉሥ ዋንጫ ፍጻሜ ተረከላት። የባርሴሎናው ተከላካይ መንገድ ሲዘጋበት ባሌ ከሜዳው መስመር ወጣ፣ በውጭ በኩል ዞረ፣ ተመልሶ ገባና አገባ።

«ከመስመር ወጥቶ የሚመለስ ባል ካለ ይሰለፍ» አለች። «አባቴም ይሰለፍ። ሒሳብ ግን ማን ነው የሚከፍለው?»

ካፉን ለማስወጣት የደፈረ ስላልነበረ ቡድኑ ከዚያ ቀን ወዲህ የሚሰለፈው በ12 ሰው ነው። ከ12ቱ አምስቱ፣ ዲዳ፣ ካፉ፣ አባቴ፣ ካካና ዊሃ፣ በተለያየ ዘመን የሚላን ማልያ የለበሱ ናቸው። ከአዲስ አበባ ውጭ ይህን ያህል አማርኛ የሚገኝበት ሜዳ ሳን ሲሮ ብቻ ስለመሆኑ ሌላ ጥናት ያስፈልግ ነበር፤ አጥኚዎቹ ግን ጨዋታው ስላመለጣቸው ተኮራርፈዋል።

ተቀያሪ በረኛ እስካሁን አልተገኘም። ዲዳ ቢጎዳ በሩ ባዶ ነው። የምታውቁ ካላችሁ ተናገሩ።