ባለ ሦስት ጥርሱ ብሌንደር

ሐኪሙ ሆዴን በሁለት ጣቱ እንደ ሐብሐብ ኳ ኳ አደረገና «ቁርስህ ምንድን ነው?» አለኝ። ሳልደብቅ ነገርኩት፤ ቻፓቲ በሻይ። ሲርበኝ ሁለት ቻፓቲ በሻይ።

«አሰር የሚባል ነገር ሆድህ ውስጥ የለም» አለ። እንዳልገባኝ ሲያይ «ፋይበር» ብሎ ደገመው። ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም ያስፈልጋል የሚለው የዓለም ጤና ድርጅት ነው። አንድ ሙዝ 3 ግራም ገደማ፣ ግማሽ አቮካዶ 6 ወይም 7 ይይዛል። ጠዋት ጠዋት ፍራፍሬ ከተልባ ጋር ፈጭቼ ሳልጠልል እንድጠጣ፣ ውኃም እንዳበዛ አዘዘኝ። አሰር ያለ ውኃ ሆድ ውስጥ ገብቶ ሲሚንቶ ይሆናል አለኝ። ውኃ በጀሪካን ለሚገዛ የሞያሌ ሰው ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም።

እኛ ጋ ፍራፍሬ የሚለቀመው ከመኪና ላይ ነው። ሙዙ ከአርባ ምንጭ፣ አቮካዶው ከሲዳማና ከጌዴኦ ተጭኖ ይመጣል። ከዲላ ድንጋይ ሆኖ የተነሳ አቮካዶ ሐገረ ማርያምን፣ ያቤሎን፣ ሜጋን አልፎ እኔ ዘንድ ሲደርስ ግማሹ ተፈጭቶ ነው። መፍጫ መግዛቴ ለቀረው ግማሽ ነበር።

ብሌንደሩን በእግሬ ድንበር ተሻግሬ ከኬንያ በሽልንግ ገዛሁት። ቤት አምጥቼ ልሰካው ስል መሰኪያው ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ አለው፤ የኔ ግድግዳ ያለው ሁለት ክብ ቀዳዳ ነው። እንግሊዝ ከኬንያ ስትወጣ ሶኬቷን ትታ ወጥታለች። በ2013 ዓ.ም. የሁለቱን አገር ፍተሻ አንድ ላይ ያደረገው የጋራ ኬላ ሲመረቅ ሰዉም ጭነቱም ታስቦበታል፤ ሶኬቱን ያስታወሰው የለም።

በማግስቱ ማገናኛ ፈልጌ ሰካሁት። መብራት ሄደ። የሞያሌ መብራት ደግሞ ብቻውን አይሄድም፤ የኬንያዋ ሞያሌም ለዓመታት የበራችው ከኛው በሚሻገር መስመር ስለሆነ፣ ሲጠፋ ያለ ፓስፖርት ሁለት አገር ያጨልማል። አቮካዶዬን በማንኪያ በላሁና ሥራ ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን ሁሉም ተሟላ። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ዘይቱን ከነፍሬው፣ ሁለት ማንኪያ ተልባ። ብሌንደሩ ሰፈሩን ቀሰቀሰው። አከራዬ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ብቅ አሉ።

«ምን እየሆንክ ነው መምህር?»

«መድኃኒት ነው እማማ። ሐኪም ያዘዘልኝ።»

ይኸን ብዬ ውኃ የሚያመላልሰውን ባለጋሪ ለመያዝ ወጣሁ። አሥር ደቂቃ ብቆይ ነው። ስመለስ እማማ በብርጭቆ ቀጠን ያለ ፈሳሽ አቀረቡልኝ። ማጥለያው እጃቸው ላይ ነው።

«እማማ፣ ጠለሉት?»

«ታዲያ! ተልባ ሳይጠለል ይጠጣል? ደሞ ያ ሁሉ የዘይቱን ፍሬ ሆድህን ያድርቀው? አንተ እኮ እናት የለህም እዚህ።»

እንዲህ ላለ ሰው ስለ ዓለም ጤና ድርጅት ምን ይባላል? እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ጠጣሁት። ይጣፍጣል፤ መጣፈጡንማ ይጣፍጣል።

«አተላውስ?» አልኳቸው ብርጭቆውን እየመለስኩ።

በአገጫቸው ወደ ግቢው አመለከቱኝ። ፍየላቸው ሳህኑን ልሳ ጨርሳ በአፍንጫዋ እየገፋችው ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እኔ እፈጫለሁ፣ እማማ ይጠልላሉ። ፍየሏ ብሌንደሩ መጮህ ሲጀምር ገመዷን እየጎተተች መጥታ ደጃፌ ላይ ትቆማለች፤ ጸጉሯም አብረቅርቋል። የኔ ቀጠሮ ማክሰኞ ነው።