የተላጨ ድምፅ

«ነፃ ነው» ሲሉኝ ኪሴን እዳብሳለሁ። የእህቴ ልጅ በሚሠራበት የእህል ንግድ ቤት፣ እዚሁ አሰላ፣ ነፃ የተባለ የስልክ ማዞሪያ ተተክሏል። አስተሪስክ ይሉታል። እኔ የማውቀው ማዞሪያ ሽቦ የሚሰካበት፣ ከፊቱ ኮስተር ያለች ሠራተኛ የተቀመጠችበት ነበር። ይኼኛው ጥግ የተጣለ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ፕሮግራም ነው። ማርክ ስፔንሰር የሚባል አሜሪካዊ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1999 የቢሮ ስልክ ማዞሪያ መግዣ ቢያጥረው ራሱ ጽፎ ለዓለም በተነው። እሱን ተባረክ ብዬዋለሁ።

የማማርረው በኮዴኩ ነው።

ድምፅ በኢንተርኔት እንዲሄድ መጀመሪያ ቁጥር ይሆናል፤ ለዋጩን ኮዴክ ይሉታል። ጂ.711 የሚባለው አሮጌው ዘዴ በሰከንድ 8,000 ጊዜ እየለካ 64 ኪሎቢት ይልካል። አይሰስትም። ወደ ሳጉሬ፣ ወደ በቆጂና ወደ ኢተያ ቅርንጫፎች ያለው መስመር ግን ቀጭን ነው፤ ጥቂት ሰው እንደ ተነጋገረ ቀጣዩ ይታነቃል። ታዲያ ልጁ አንድ ቀን እየሮጠ መጥቶ «ጋሼ፣ ጂ.729 ልጭን ነው! 8 ኪሎቢት ብቻ፣ ከስምንት አንድ!» አለኝ።

ከስምንት አንድ ሲባል ማን ይጠላል? እኔ ግን ከመጋዘን ሒሳብ ጋር ያረጀሁ ሰው ነኝና ቁጥሩን አምጣ አልኩት። ድምፁ እየተጠቀለለ በሰከንድ 50 ጊዜ ይላካል። በየጥቅሉ ያለው ድምፅ 20 ባይት፣ ላዩ ላይ የሚለጠፈው አድራሻና የጉዞ ወረቀት 40 ባይት! ጆንያው ከገብሱ የሚከብድበት ንግድ በአርሲ ምድር አይቼ አላውቅም። ተደምሮ 24 ኪሎቢት ይሆናል። አሮጌውም በዚሁ ሒሳብ ከነአድራሻው 80 ነው። ከስምንት አንድ ተባልን፣ ከሦስት አንድ ገደማ ደረሰን። «ቢሆንም ይጠቅማል ጋሼ» አለ። እሱን አልካድኩም፤ ሒሳብ ሲነገረኝ ሙሉውን ንገሩኝ ነው የምለው።

ነፃ የተባለው ማዞሪያ ደግሞ ይህን ኮዴክ ይዞ አይመጣም። ኮዴኩ ለብዙ ዓመት የፈጠራ መብት ባለቤቶች ስለነበሩት፣ በአንድ ጊዜ ለሚሠራ ለእያንዳንዱ መስመር 10 ዶላር ይከፈልበት ነበር። ዶላር! የአርሲ ዶላር ሮጦ የሚመጣ ነው፤ ኃይሌንና ደራርቱን ጠይቁ። መብቱ እ.ኤ.አ. በ2017 መግቢያ ላይ አበቃ፤ አበቃ ማለት ግን ፋይሉ ራሱ ተነሥቶ ይገባል ማለት አይደለም። ሞጁል የሚሉት ይህ ፋይል ከአስተሪስኩ ሥሪትም ከኮምፒውተሩ ፕሮሰሰርም ጋር መግጠም አለበት። ልጁ አንዱን አውርዶ ሲጭን ማዞሪያው አልቀበልም ይላል፤ ሌላ ያወርዳል፣ አሁንም እንቢ። ቡናው ከአቦል በረካ ደረሰ፣ ልጁ ከዚያ ጥቁር ስክሪን ዓይኑን አልነቀለም። በስንት መከራ አንደኛው ገባለትና የትርጉም ሠንጠረዥ የሚሉትን አሳየኝ፤ አንዱን ኮዴክ ወደ ሌላው መለወጥ ስንት ማይክሮሰከንድ እንደሚፈጅ የሚያሳይ ነው። ሰረዝ የነበረበት ቦታ ቁጥር ወጥቶበታል። እልል ሊል ምንም አልቀረው።

ከዚያ ማዋቀሪያው መጣ። መጀመሪያ «ሁሉንም ከልክል» ብሎ ይጽፋል፤ ቀጥሎ «ጂ.729ን ፍቀድ»። ይህቺን ያለ አስተማሪ ገባኝ። በ1994 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት ድምፅ ማስተላለፍን ሲከለክል ነበርኩ፤ በ2004 ዓ.ም. የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ሲወጣም ነበርኩ። ልጁ ዘመኑ ተለውጧል ይለኛል። ተለውጦ ይሆናል፤ እኔ ግን ልጁ በኮምፒውተር ሲያወራ ዛሬም ወደ በሩ ዞር ብዬ አያለሁ።

እንግዲህ ተደወለ። የበቆጂው ጸሐፊ «ጋሼ፣ ሒሳቡን ሠራሁት» ይለኛል፤ እኔ የሰማሁት «ፈራሁት»።

«ምን ያስፈራሃል? ጎደለ እንዴ?»

«ኧረ ሠራሁት ነው የምለው!»

«ባትፈራ ምን ያስጮህሃል?»

ሠ የምትታወቀው በፉጨቷ ነው፤ ፉጨቷ ያለው ላይኛው ድምፅ ውስጥ ነው፤ ስልክ ደግሞ ከ3,400 ኸርዝ በላይ ያለውን ከጥንትም ይቆርጣል። እውነቱን ለመናገር አሮጌውም ቆራጭ ነው። አዲሱ ግን የተረፈውንም ይላጨዋል። ድምፁን እንዳለ አይልክም፤ የተናጋሪውን ጉሮሮና አፍ ቅርጽ ገምቶ ግምቱን ይልካል፣ ወዲያ ያለው መሣሪያ በዚያ ልክ ድምፅ ሠርቶ ያናግርሃል። እህቴ ከበቆጂ ስትደውል የማናግረው እሷን ነው ግምቷን? በአፄ ምኒልክ ዘመን ቀሳውስቱ ስልክን የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ነበር ይባላል። ያኔ በሽቦው የሚያልፈው ቢያንስ የሰውየው የራሱ ድምፅ ነበር።

የባሰው ኋላ ነው የተነገረኝ። ሁለቱም ስልኮች ጂ.729 የሚያውቁ ከሆነ ማዞሪያው ዝም ብሎ ያሳልፈዋል እንጂ ኮዴክ መጫን አያሻውም። የሚያስፈልገው ለመለወጥ ነው፤ ሌላ ዓይነት ስልክ ሲመጣ፣ መልእክት ሲቀረጽ፣ ደዋይ ሲጠብቅ ዘፈን ሲከፈትለት። ያ ሁሉ ድካም ግማሹ ለዘፈን! እሱም ማሲንቆ ነው። ማሲንቆ ደግሞ ጉሮሮ የለውም። የሰው አፍ ሲገምት የኖረ ኮዴክ ማሲንቆውን ሲያገኘው አንዴ ያንተባትበዋል፣ አንዴ ያጉረመርመዋል። ስለ ስንዴ ዋጋ ሊጠይቅ የደወለ ገበሬ ይህን ሰምቶ ስልኩን ቢዘጋው አልፈርድበትም።

አሁን ደግሞ «ጋሼ፣ ኦፐስ የሚባል አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ነው፣ ክፍያ የለበትም፣ ንግግርም ዘፈንም ያውቃል» ይለኛል።

«ታዲያ እሱን ለምን አልጫንክም?»

«የቅርንጫፎቹ ስልኮች አያውቁትማ። አሮጌ ስለሆኑ አዲስ ነገር አይቀበሉም።»

ይህን ሲል ለምን ወደ እኔ እንዳየ አልገባኝም።