ፀሐይ በአፍንጫው በኩል

የዴንቨር ሰው መጠበቅ አይወድም። የትራፊክ መብራቱ አረንጓዴ ሲበራ ፊት ለፊቱ ያለው መኪና ወዲያው ካልተንቀሳቀሰ ክላክሱን ያንባርቅበታል። እኛ አበሾች በብዛት ባለንባት አውሮራ ምግብ ቤት ገብቶ በያይነቱ ያዘዘ እንደሆነ፣ ማዕዱ ትንሽ ከዘገየ ሰዓቱን ያያል፤ ቀጥሎ አስተናጋጇን ያያል። ይኸው ሰው በጥር ወር ቅዳሜ ሌሊት ተነስቶ፣ ሱሪ በሱሪ ላይ ደራርቦ፣ ከከተማው በስተምዕራብ ወዳለው ተራራ ይወጣና የዕቃ ባቡር ሲጠብቅ ይውላል። የሚቀበለው ዘመድ የለው፣ የሚያወርደው ሸቀጥ የለው። ፎቶ ሊያነሳው ነው።

ይህን ያወቅሁት በጎረቤቴ ነው። ጡረታ የወጣ ደግ ሰው ነው፤ በረዶ ሲጥል የእኛን ደጅ ሳይቀር ጠርጎልን ይገባል። የእሱ መኪና በረዶ ላይ ስለሚንሸራተት ፎር ዊል ያላት የኔ መኪና ታስፈልገዋለች። ውለታ አለብኝና እሄዳለሁ።

የባቡር መስመሩ እንደዋዛ የሚታይ እንዳልሆነ ልመስክር። ዴቪድ ሞፋት የሚባል የዴንቨር ባለባንክ እ.ኤ.አ. በ1902 ተራራውን አቋርጦ ወደ ምዕራብ የሚዘልቅ ሐዲድ ካልዘረጋሁ ብሎ ተነሳ። ዋሻ ለመቆፈር ገንዘብ አልነበረምና ባቡሩ “ለጊዜው” ተብሎ ከባሕር ጠለል በላይ 3,500 ሜትር ገደማ በሚሆነው በሮሊንስ ማለፊያ እየተጠማዘዘ እንዲወጣ ተደረገ። በረዶው እዚያ ላይ ባቡሩን ከነተሳፋሪው ለቀናት አግቶ ያስቀምጠው ነበር። ሞፋት ሀብቱን እዚያው አፍስሶ በ1911 ሞተ፤ 10 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ዋሻ የተከፈተው በ1928 ነው። ስሙን ለዋሻው ሰጡለት። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ተራራው ላይ በብርድ የሚንቀጠቀጡት ሁሉ ከእሱ የወረሱት ነገር ሳይኖር አይቀርም።

ወደ ተራራው መውጫ ላይ ቢግ ቴን የሚሉት ሰፊ መጠምዘዣ አለ። ነፋሱ ከላይ ሲወርድ ፉርጎ የመገልበጥ አቅም አለው። የባቡር ሰዎቹ ዘዴ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አሮጌ ፉርጎዎች ሰብስበው፣ አሸዋ ሞልተው፣ ከዋናው መስመር ጎን በተዘረጋ ሐዲድ ላይ ለዘለቄታው አቆሟቸው። ፉርጎን ከነፋስ የሚከልለው ሌላ ፉርጎ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ብልሃት ፎቶ ሊነሳ ይገባው ነበር። ነገር ግን በዚያ መስመር ላይ በማንኛውም ሰዓት ብትሄድ የማታጣው ባቡር ይኸው የቆመው ስለሆነ ካሜራውን የሚያዞርበት የለም። ዝናና ክብር የሚመጣው ወይ ይመጣል ወይ ይቀራል የሚባለው ላይ ነው። ከቺካጎ ወደ ካሊፎርኒያ የሚሄደው የመንገደኛ ባቡርም በዚሁ መስመር ያልፋል፤ እሱ ግን የታወቀ ሰዓት አለው። “ሰዓት ያለውን ባቡርማ ማንም ያነሳዋል” ይላል ጎረቤቴ።

እናም ይጠበቃል። ሐዲዱ የባቡር ኩባንያው ርስት ስለሆነ፣ መግባትም ስለሚያስቀጣ፣ ሁሉም መንገድ ዳር ይደረደራል። የካሜራ ባትሪ በብርድ ቶሎ ይሞታልና መለዋወጫው በየብብቱ ተወሽቆ ይሞቃል። ሳንድዊቹን የሚያሞቅለት ብብት አልተገኘም፤ የመኪና ኮፈን ላይ ተቀምጦ ድንጋይ ይሆናል። ሁሉም ሬዲዮ ይዟል። ከሐዲዱ ዳር የተተከለ መሣሪያ ባቡር ሲያልፍ መንኮራኩርና አክስሉን ፈትሾ በሬዲዮው “ጉድለት የለም” ብሎ ይናገራል፤ ያ ድምፅ ሲሰማ ወሬ ይቋረጣል፣ ኮፍያ ይስተካከላል፣ የፔርሙዝ ክዳን ይዘጋል።

የፎቶው ሕግ ደግሞ ጥብቅ ነው። ፀሐይ በሞተሩ አፍንጫ በኩል መውደቅ አለባት፤ ከኋላው ከሆነች ሥዕሉ እንዳልተነሳ ይቆጠራል። በበረዶው ወራት ፀሐይ ከሸለቆው ገና በጊዜ ትሸሻለች። እስክትሸሽ ድረስ ሰማዩ ጥርት ብሎ ይውልና፣ የባቡሩ ጡሩምባ ከሩቅ ሲሰማ አንዲት ደመና ከየት መጣች ሳትባል መጥታ ትቀመጥባታለች። ሽማግሌ ፎቶ አንሺዎቹ ያኔ የሚሉትን እዚህ አልጽፈውም።

ሁለተኛው ሕግ በረዶው እንዳይረገጥ ነው። በሐዲዱና በካሜራው መካከል ያለው ሜዳ ነጭና ያልተነካ መሆን አለበት። አንድ ቀን አንድ ለጋ ልጅ፣ ገና ለነገሩ አዲስ፣ ሽንቱ ወጥሮት ወደ ጥዶቹ አቋርጦ ሄደ። ሲመለስም አሳቢ ሆኖ ሌላ ቦታ እንዳይነካ በሄደበት ዱካ ላይ እየረገጠ መጣ። ምን ዋጋ አለው! ዱካው ከመንገዱ እስከ ጥዱ ሥር ጥርት ብሎ ይታያል። ጫማውን ሳያወልቅ መቅደስ የገባ ሰው እንኳ እንደዚያ አይታይም። አንዱ ሽማግሌ የካሜራውን ባለሦስት እግር ማቆሚያ አንስቶ ሌላ ቦታ ሄደ፤ የቀሩት በዱካው ግራና ቀኝ ለሁለት ተከፈሉ። ልጁ ይቅርታ ሲጠይቅ የመለሰለት ጎረቤቴ ብቻ ነው፤ እሱም ያለው “በሚቀጥለው ጊዜ ከኋላችን” ነው።

ባቡሩ መጣ። ከፊት ሦስት ቢጫ የዩኒየን ፓሲፊክ ሞተሮች፣ ከኋላቸው ዓይን የማይጨርሰው ፉርጎ፣ ከመጨረሻው ደግሞ የሚገፋ ሌላ ሞተር። የሌላው ኩባንያ የቢኤንኤስኤፍ ብርቱካናማ ሞተር ከፊት ሆኖ ቢመጣ ኖሮ እልል ማለት ነበር የሚቀራቸው፤ ቢጫ ግን የዘወትር ነው። ካሜራዎቹ ተንጣጡ። የመጀመሪያው ሞተር አፍንጫ አለፈ። በቃ። ሁሉም አንገቱን አቀርቅሮ ስክሪኑን ማየት ጀመረ፤ ሌሊት የተነሱለት፣ ጣት የደነዘዘለት ባቡር ፉርጎውን እየጎተተ ከፊታቸው ያልፋል፤ ቀና ብሎ የሚያየው አንድ ሰው የለም። አፍንጫው ካለፈ የቀረው ጭራ ነው።

ጎረቤቴ ወዲያው በእጁ ምልክት ይሰጠኛል፤ መኪና አስነሳ ማለቱ ነው። ባቡሩ ዳገቱን ቀስ ብሎ ስለሚወጣ እኛ በመኪና ሮሊንስቪል ላይ እንቀድመዋለን። ያንኑ ባቡር፣ ያንኑ አፍንጫ እንደገና ያነሳዋል። ከዚያ በፒስታው መንገድ እስከ ዋሻው አፍ። ባቡሩ ሲገባ ከኋላው መዝጊያ ይወርድና ትላልቅ ማራገቢያዎች የናፍጣውን ጭስ ማስወጣት ይጀምራሉ፤ ጭሱ እስኪጠራ ቀጣዩ ባቡር አይገባም። ለጎረቤቴ ይህ ሌላ የመጠበቅ ዕድል ነው።

በቀደም ላፕቶፑን ይዞ እኛ ቤት መጣ። አማቴ ለአራስ ጥየቃ ከድሬዳዋ መጥተው ነበር፤ ምድር ባቡር ደጃፍ ላይ ያደጉ ሴት ናቸው። በእሳቸው ጊዜ ባቡር ሲገባ ሰፈሩ ነቅሎ ይወጣ ነበር፤ እንግዳ የሚቀበለው፣ ጆንያ የሚያወርደው፣ ፈታሽ ሳያይ የሚያሸሸው። ጎረቤቴ እሳቸውን የመሰለ ተመልካች በማግኘቱ ደስ ብሎት ቡናው እስኪበርድ ድረስ አሳያቸው። በትዕግሥት አዩለት። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረው፣ “እስቲ ጠይቅልኝ ልጄ፣ ምን ጭኖ ነበር?” አሉኝ።

ጠየቅሁት። የሞተሩን ቁጥር ነገራቸው። ጉልበቱ 4,400 የፈረስ ጉልበት መሆኑንም ጨመረ።

“እሱንስ መች ጠየቅሁት? ፉርጎው ውስጥ ምን ነበር ነው ያልኩት።”

ሥዕሎቹን ከላይ እስከታች አገላበጠ። አፍንጫ፣ አፍንጫ፣ አፍንጫ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ “አንተ አይተሃል?” አለኝ። እኔማ ያን ጊዜ፣ በእሱው ትእዛዝ፣ መኪና እያስነሳሁ ነበር።