አርባ በመቶ

ክረምት ሲገባ ስለ ደን የማይናገር ሰው የለም። ባለሥልጣኑ መድረክ ላይ ይናገራል፣ ጋዜጠኛው ይደግመዋል፣ ዝናብ ካፌ ያስገባው ሰው ደግሞ ማኪያቶውን እያማሰለ አጠገቡ ለተቀመጠው ያወጋዋል። የሁሉም መግቢያ አንድ ነው፤ «አገራችን ከመቶ ዓመት በፊት አርባ በመቶዋ በደን የተሸፈነ ነበር፤ አሁን ሦስት በመቶ ብቻ ቀረ።» ቀጥሎ ራስ ይነቀነቃል፣ ከንፈር ይመጠጣል። ጠንቀቅ ያለው ተናጋሪ ሦስቱን ወደ ሁለት ነጥብ ሰባት ያወርደዋል። ነጥብ ያለው ቁጥር ይበልጥ ይታመናላ! «ከመቶ ዓመት በፊት» የሚለውም አያረጅም፤ እኛ ልጆች ሳለን መቶ ነበር፣ ዛሬም መቶ ነው።

አርባውን ማን ለካው? ይህን መጠየቅ ነውር ነው መሰለኝ የሚጠይቅ አላየሁም። በዚያ ዘመን ሳተላይት የለም፣ የአየር ፎቶግራፍ የለም፤ የአገሪቱ ድንበር ራሱ ከቅኝ ገዢዎች ጋር በውል ገና እየተሰመረ ነው። ሰው እንኳ በአገር አቀፍ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቆጠረው በ1976 ዓ.ም. ነው። በዚህ ስሌት ኢትዮጵያ ሕዝቧን ከመቁጠሯ ብዙ አሥርት ዓመታት ቀድማ ዛፏን ቆጥራ ጨርሳለች ማለት ነው።

የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት የዚህን ወሬ ዱካ ተከትሏል። ሪፖርቱ ሌላ ሪፖርት ይጠቅሳል፣ ያኛውም ሌላውን፤ መጨረሻው ላይ ሜትር ይዞ ጫካ የገባ ሰው የለም። ጥናቱ ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። አርባ በመቶ ግን ምንም አልሆነችም፤ ከብዙዎቹ ዛፎቻችን በተሻለ ጤንነት ላይ ትገኛለች።

ከዚህ የባሰም አለ። እ.ኤ.አ. በ1868 ዓፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዙ የናፒየር ጦር ከመድፉና ከዝሆኖቹ ጋር ካሜራም ይዞ ነበር። ከባሕር ዳርቻው ተነስቶ እስከ መቅደላ ሲወጣ በየመንገዱ ተራራውንና ሸለቆውን አነሳ። ከ140 ዓመት በኋላ ቤልጅጋዊው የጂኦግራፊ ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ እነዚያን ፎቶግራፎች ይዘው ያው የእንግሊዝ ወታደር የቆመበት ድንጋይ ላይ እየቆሙ እንደገና አነሷቸው። የድሮው ጥቅጥቅ ያለ ጫካ፣ የአሁኑ ደግሞ ራሰ በራ ተራራ መሆን ነበረበት። የተገኘው ተቃራኒው ነው፤ ሰሜኑ ያኔም የተራቆተ ነበር፣ ብዙው ቦታ ላይ አሁን ያለው ዛፍ ከያኔው ይበልጣል። ከፊሉ ባሕር ዛፍ ነው፣ ከፊሉ ከብት ስለተከለከለ በራሱ ያገገመ ነው። በደቡብ ምዕራብና በባሌ የጠፋው ደን እውነተኛ ጥፋት ነው፤ እሱን የሚክድ የለም። የሰሜኑን ጉዳይ ግን ለካፌው ሰው ብትነግሩት ይከፋዋል። ያያቶቹን ጫካ የወሰዳችሁበት እናንተ ትሆናላችሁ።

ደግሞ ቁጥር ሲፈለግ ያድጋል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ደን የሚለው ዛፉ አምስት ሜትር ሲደርስ፣ ጥላው ደግሞ መሬቱን አሥር በመቶ ሲሸፍን ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 የራሷን መለኪያ አወጣች፤ ግማሽ ሄክታር፣ ሁለት ሜትር ቁመት፣ ሃያ በመቶ ጥላ። ምክንያቱ የባለሙያ ምክንያት ነው። በቆላው ያለው አጫጭር የግራር፣ የእጣንና የሙጫ ዛፍ ከቆጠራ ውጪ ሆኖ ማንም አይጠብቀውም ነበር። በዚህ መለኪያ የደን ሽፋናችን 15.5 በመቶ ሆኖ ተመዘገበ። አንድ ችግኝ ሳይተከል! ትናንት ቁጥቋጦ ተብሎ ፍየል የሚበላው ዛሬ ደን ተብሎ ፍየል ይበላዋል። ሽፋኑ በወረቀት ላይ እንዲህ ሲመነደግ የካፌው ሰው አሁንም ሦስት በመቶ ላይ ነው፤ ለሐዘን የምትስማማው እሷ ናትና።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. መጣ። በ12 ሰዓት ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባለ። ሒሳብ የሚወድ ሰው ቁጭ ብሎ ሲያካፍለው በየሴኮንዱ ስምንት ሺህ ገደማ ይደርሳል። በሴኮንድ አንድ ችግኝ የሚቆጥር፣ እንቅልፍና ምሳ የማያውቅ አንድ ቆጣሪ ያን ቀን ቢጀምር ለመጨረስ ከ11 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ተከላው ግን ሳይመሽ ተጠናቆ ሳይነጋ ተቆጠረ። መትከሉን አልነቅፍም፤ ጭቃ የነካው የቢሮ ሰው ምንጊዜም ከደረቀው ይሻላል። እኔን የገረመኝ የፎቶግራፉ ነገር ነው። አንዲት ክንድ የማትሞላ ጽድ ለሦስት ኃላፊዎች ተይዛ፣ ሦስቱም ካሜራ ካሜራውን እያዩ፣ ላስቲኩ ሥሯ ላይ እንዳለ ጉድጓድ ትገባለች። የደን ባለሙያው ከዳር ቆሞ «ላስቲኩ... ላስቲኩ ይቀደድ» ይላል። ድምፅ ማጉያው ግን የተሰጠው ለሌላ ነው።

ይህ ባለሙያ በዓመቱ ብቻውን ይመለሳል። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ስንቱ ጸደቀ፣ ስንቱ ደረቀ፣ ስንቱን በሬ ረገጠው ብሎ እየጎነበሰ ይቆጥራል። ትልቁን ዛፍ ደግሞ ከመሬት አንድ ሜትር ከሠላሳ ሳንቲ ላይ፣ ደረት ከፍታ በሚሉት ቦታ፣ በሜትር አቅፎ ውፍረቱን ይለካል፤ ግንዱ ላይ በቀለም ቁጥር ይጽፋል። ያን ጊዜ ያገሬው ሰው ይሰበሰባል። «መሬቱን ሊወስዱት ነው» ይላል አንዱ። በከርሞው መጥቶ ያንኑ ዛፍ እንደገና ሲለካ ሲያዩት ደግሞ ሥጋቱ ወደ አዘኔታ ይለወጣል፤ ምስኪን፣ አምና የጻፈው ጠፍቶበት ነው።

ከእነዚህ ቆጣሪዎች አንዱን፣ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴን እንመልከት። «እመጓ» የተባለ መጽሐፉን ያላነበበ፣ ቢያንስ አንብቤዋለሁ የማይል ሰው ስንት ነው? ይኸው ደራሲ የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪ መሆኑን፣ በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ገብቶ ከባልደረቦቹ ጋር 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መመዝገቡን ስንት አንባቢ ያውቃል? በዙሪያው ያለው መሬት ታርሶ ሲያልቅ ወይራው፣ ጽዱና ዝግባው የቀረው እዚያ ነው። እኛ ይህን ስንሰማ «የአባቶቻችን ጥበብ» ብለን ደረታችንን እንነፋለን። ጥናት የሚለው ግን ያን ያህል ቅኔ የለውም፤ ከብት የማይገባበት ቦታ ቡቃያው ይተርፋል፣ ከብት የሚገባበት ቦታ አይተርፍም። ሽማግሌዎቹ ዛፎች ቆመዋል፣ ከሥራቸው ግን ተተኪ የለም። መፍትሔው የድንጋይ አጥር ነው። ድንጋዩ ከጎረቤት ማሳ ይለቀማል፣ ገበሬውም መሬቱ ስለሚጸዳለት ደስ ይለዋል። ለአጥር የሚሆን ጉባኤ ግን የለንም። ለድንጋይ አጥር ሪባን ቢቆረጥለት ምን ያምራል?

ባሕር ዛፍን ስንሰድብም እንዲሁ ነን። በምኒልክ ዘመን ገብቶ ማገዶ ያለቀባትን አዲስ አበባ ከመሰደድ አዳናት፤ ሕንፃዋም ለብዙ ዓመታት በእሱ መወጣጫ ላይ ቆሞ ሲሠራ ኖሯል። በመድረክ «ውሃ መጣጭ» ብሎ የሚወርድበት ሰው አገር ቤት ሲሄድ መጀመሪያ የሚጎበኘው የራሱን ባሕር ዛፍ ነው፤ የልጁ ሠርግ የሚደገሰው በእሱ ነዋ።

አሁን ወደ አዊ ዞን፣ ወደ ፋግታ ለኮማ ወረዳ እንሂድ። አፈሩ አሲዳማ ሆኖ እህል እንቢ ያላቸው ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን የአውስትራሊያ ግራር ማሳቸው ላይ ተከሉ። የመጀመሪያውን ዓመት በመሐሉ ጤፍ ይዘሩበታል፤ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ቆርጠው ያከስሉታል፤ ከሰሉ አዲስ አበባ ይገባል። ተመራማሪዎች የሳተላይት ምስል ሲያመሳክሩ በወረዳው በዛፍ የተሸፈነው መሬት እየሰፋ መምጣቱን አይተዋል። የደን ጠላት ሲባል የኖረው ከሰል አክሳዩ፣ ያለ ቲሸርትና ያለ መፈክር፣ ተራራውን አልብሶታል! ይህን በአንድ ስብሰባ ላይ ማን ደፍሮ ያነብበዋል?

ለነገሩ ተራራውን ያለበሰው አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ነው፤ የደን ጤና አጥኚዎች የሚፈሩትም ይህንኑ ነበር። በቅርብ ዓመታት ዋግ ገባበት፤ ቅጠሉ እየተጨማደደ ብርቱካንማ ዱቄት ያወጣል። ባለሙያዎቹ መዝገባቸውን ይዘው ወረዱና ከማሳህ ስንት በመቶው ተጎዳ ብለው ገበሬውን ጠየቁት። በመቶ መናገር አያውቅበትም። ያልደረሰውን ለብቻ፣ የደረሰውን ለብቻ አስቦ፣ ከአምናው ቀንሶ፣ አሥራ ስንት ጆንያ ከሰል እንደቀረበት ነገራቸው።